ሁለት መቃብር ያስፈለጋቸው ሳጅን ራዲንግ

ጦርነቱ ያላለቀለት ሽማግሌ የሌለበት መንደር የለም። ጠላት እጁን ከሰጠ፣ ውሉ ከተፈረመ፣ ጄኔራሎቹ ራሳቸው አርጅተው ከሞቱ ስንት ዘመን ሆኗል፤ እሱ ግን ዛሬም በረንዳው ላይ ቁጭ ብሎ መንደሩን ከወረራ ይጠብቃል። እናንተም ታውቁታላችሁ። የሱሪው የካውያ መስመር ሽንኩርት ይከትፋል። ሰላም ስትሉት መጀመሪያ የሚያየው ፊታችሁን ሳይሆን ጫማችሁን ነው።

የእኛው፣ ማለትም የአሌጎ መንደሩ፣ ሌሎቹን ሁሉ በአንድ ነገር ያስከነዳሉ። ክቡር ሳጅን ራዲንግ፣ የአባቴ አባት፣ የበርማ ዘማች፣ የአሥራ አራት ላሞችና የሃያ ሦስት የልጅ ልጆች ጠቅላይ አዛዥ፣ በሕይወት ሳሉ መቃብር ነበራቸው። የተለቀሰበት፣ አፈር የለበሰ፣ ስማቸው በእንጨት መስቀል ላይ የተጻፈበት መቃብር፤ ከቤታቸው በስተቀኝ፣ ከደጃፉ ሃያ እርምጃ። እርምጃውን የቆጠሩት ራሳቸው ናቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለእንግሊዝ ሊዋጉ በርማ ከሄዱ በኋላ "ጠፍቷል" የሚል ወረቀት መጣ። እሳቸው ያኔ ሕንድ አገር ሆስፒታል ተኝተው ነበር፤ ይህን ግን ማን ያውቃል? ቤተሰቡ ጠበቀ፣ ጠበቀና ተስፋ ቆረጠ። እኛ የሉዎ ጎሣ ሰዎች ደግሞ ሬሳ አልተገኘም ብለን ሰው ሳንቀብር አንተውም። ያልተቀበረ ሰው ቤቱን እየፈለገ ይንከራተታል፤ ሲያገኘውም በደስታ አይገባም። ስለዚህ የያጎ ፍሬ ቀበሩ። ያጎ የሰው ክንድ የሚያህል ረጅም ፍሬ የሚያንጠለጥል ዛፍ ነው፤ ሬሳ ሲጠፋ ፍሬው የሰውየውን ስም ይዞ አፈር ይገባል። በጨርቅ ጠቀለሉት፣ አለቀሱለት፣ ቀበሩት። ሁላችንም ዳና የምንላት አያቴ አኬች ጸጉሯን ተላጨች። የባሏ ታናሽ ወንድም ኦጉቱ በወጉ መሠረት ሊወርሷት በግ መርጠው ቀን ቆርጠው ሳለ፣ ሟች ሻንጣቸውን ተሸክመው በአጥሩ በር ብቅ አሉ።

መንደሩ እግሬ አውጪኝ አለ። ወንጌል ሰባኪው ብስክሌቱን ጥሎ በእግሩ ሮጠ። ኦጉቱ ዛፍ ላይ ወጡ ይባላል፤ እሳቸው ግን እስከ ዛሬ "ከብት እያየሁ ነበር" ይላሉ። የተቀበረ ሰው ዝም ብሎ ቤት አይገባምና ሽማግሌዎቹ የማንጻት በግ እስኪታረድ ድረስ ከበር ውጭ ሁለት ቀን አስቀመጧቸው። ሳጅኑም "የጥበቃ ተራዬ ነው" ብለው ሻንጣቸው ላይ ተቀመጡ።

መቃብሩን እናፍርሰው ሲባሉ ግን በጀ አላሉም።

"ፍሬ ሰው አይሆንም" አሉ። "እኔ በጥይት ያልሞትኩ፣ የዛፍ ፍሬ ይገድለኛል? ተዉት፣ ይቀመጥ።"

ተቀመጠም። ሃምሳ ዓመት ያህል ሰውየውና መቃብሩ ጎን ለጎን አረጁ።

እኔ ስወለድ ዘመዶቼ በስህተቱ ላይ ሌላ ስህተት ጨመሩበት። በእኛ ዘንድ ሕፃን የሚሰየመው በሞተ ዘመድ ነው። ስም ሲፈለግ አንዷ አክስቴ "ራዲንግስ?" አለች። መቃብሩ እዚያው አለ፤ የተቃወመ ሰው አልነበረም። የስሙ ባለቤት አጠገባቸው ተቀምጠው ዓሣ እየበሉ ነበር። ስለዚህ እኔም ራዲንግ ነኝ። ፊደል የቆጠርኩት በዚያ የእንጨት መስቀል ላይ ስሜን እያነበብኩ ነው። አስተማሪ ሆኜ ብዙ ልጅ ፊደል አስቆጥሬአለሁ፤ እንደ እኔ የጀመረ ግን አላጋጠመኝም።

ክቡር ሳጅን ጎህ ሲቀድ ያፏጫሉ። ልጅ፣ ምራት፣ እንግዳ ካለም እንግዳው፣ ግቢው ውስጥ ይሰለፋል። ስም ይጠራል፣ ጥፍር ይታያል፣ የሸሚዝ ቁልፍ ይቆጠራል። የጫማ ክሩ የተፈታ እንደሆነ ወዮለት።

"በርማ ቢሆን ሞተሃል!"

ይህን የማይሉት ሰው አልነበረም። ሻይ ያፈሰሰች ምራት በርማ ቢሆን ሞታለች። ከታንኳው ዘግይቶ የወረደ ዓሣ ነጋዴ በርማ ቢሆን ሞቷል። ፓስተሩ ሊጸልዩ ዓይናቸውን ሲጨፍኑ ሳጅኑ በጆሯቸው፣ "ሁለቱንም ዓይን? በርማ ቢሆን ሞተዋል" አሏቸው። ከዚያ ወዲህ ፓስተሩ እኛ ቤት ሲመጡ በአንድ ዓይን ይጸልያሉ። ሚስቴን ልናጭ የሄድን ዕለት ደግሞ አማቴን ከላይ እስከ ታች መርምረው፣ "አቋምህ ጥሩ ነው። እረፍ!" ብለው ፈቀዱላቸው። ሰውየው በገዛ ቤታቸው ናቸው እኮ።

ፍተሻው ሲያልቅ የሚከተለው ነገር ግን አያስቅም ነበር። ሳጅኑ ሃያ እርምጃ ወደ ቀኝ ይሄዳሉ፤ መቃብሩ ፊት ተረከዛቸውን ያጋጫሉ፤ ወታደራዊ ሰላምታ ይሰጣሉ። "ሁሉም ሰላም ነው" ብለው ያመለክታሉ። ከዚያ ጆሯቸውን ዘንበል አድርገው ይጠብቃሉ።

መልስ የሚጠብቁ ሰው ሆነው ነው የሚጠብቁት። አንዳንዴ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። አንዳንዴ ቀልድ እንደነገሯቸው ሁሉ ይስቃሉ። አንድ ጊዜ ቆጣ ብለው "አላውቅም አልኩህ እኮ!" ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እኛ ልጆቹ በመስመራችን ላይ ደርቀን እንቆማለን። መንደሩ "ለራሱ ሰላምታ የሚሰጥ ጉረኛ" እያለ ይሳለቅባቸው ነበር፤ የሚሳለቀው ግን ራቅ ብሎ ነው። ዶሮዎቻችን ግቢውን ሁሉ ሲጭሩ እዚያ አፈር ላይ እግራቸውን አሳርፈው አያውቁም። ቅጠል በማይነቃነቅበት እኩለ ቀን፣ በመቃብሩ ላይ ያለው ሣር ሰው ተቀምጦበት የተነሣ ይመስል ተኝቶ ይገኛል።

ባለፈው ዓመት ሳንባቸው ሲደክም አስጠሩኝ።

"ራዲንግ!"

"አቤት ጌታዬ!"

"ስሞት እዚያኛው ውስጥ እንዳትከተኝ። ሌላ ቆፍርልኝ።"

"ምነው? የራስዎ አይደል እንዴ?"

"ሞልቷል።"

"በምን? አንድ ፍሬ ነው፤ እሱም በስብሷል።"

"ሞልቷል አልኩህ። ትእዛዝ ነው። ቃል ግባ።"

ቃል ገባሁ። ዝናቡ ባቆመ ሳምንት፣ ሐሙስ ረፋድ ላይ፣ በረንዳቸው ላይ እንደተቀመጡ፣ የጫማቸው ክር እንደታሰረ ሞቱ።

ትእዛዛቸውን ለቤተሰቡ ስነግር አሁን የቤተሰቡ ታላቅ የሆኑት ኦጉቱ ከወንበራቸው ተነሡ።

"ለአንድ ሰው አንድ መቃብር ነው" አሉ። "ራዲንግ ተብሎ የተቆፈረ ጉድጓድ ሃምሳ ዓመት ሙሉ ባለቤቱን ሲጠብቅ ኖሯል። ዛሬ ባለቤቱን ወስደን ሌላ ቦታ ብናስተኛው እሱ ባዶውን ይቀራል። ባዶውን የቀረ መቃብር ደግሞ ስሙን ይጠራል። በዚህ ቤት ሌላ ራዲንግ ማነው?"

ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። አንዲት አክስቴ ያን ሰዓት ማልቀስ ጀመረች፤ ለአያቴ ሳይሆን ለእኔ መሆኑን ዓይኗ ይናገራል።

ሙት አይጣራም ብዬ ክፍል ውስጥ የማስተምር ሰው ነኝ። ሳቅሁ። ሳቄ ግን እስከ ዓርብ ጠዋት ብቻ ቆየ።

ዓርብ ጎህ ሲቀድ ያፏጨ አልነበረም። እኔም የነቃሁት በራሴ ነው፤ ስወጣ ግን ሁሉም ግቢው ውስጥ ተሰልፎ አገኘሁት። ማን እንደቀሰቀሰው የሚያውቅ የለም። እርስ በርሳችን ተያይተን ልንበተን ስንል ላሞቹ መጡ። ነጂ የላቸውም። አጥሩ ጋ በአንድ መስመር ቆሙና ራሳቸውን ወደ መቃብሩ አዞሩ። አንዷ እንኳን እምቧ አላለችም።

ያኔ ከቤቱ በስተቀኝ በኩል ጥርት ያለ የአዛዥ ድምፅ ሰማሁ።

"ራዲንግ!"

አፌ "አቤት" ሊል ሲከፈት አንድ እጅ ጭምድድ አድርጎ ያዘው። ኦጉቱ ናቸው።

"ዝም በል!" አሉኝ በሹክሹክታ። "እንዳትመልስ። የትኛውን እንደሚጠራ በምን ታውቃለህ?"

እጃቸው ትንባሆ ትንባሆ ይሸታል። ሌሎቹን ጠየቅኋቸው፤ የሰሙ እኛ ሁለታችን ብቻ ነን።

ሚስቴ ጓዳ ወስዳ በሩን ዘጋችው። "ለሙት የገባኸውን ቃል ስትጠብቅ እኔን ባል አልባ ልታደርገኝ ነው?" አለችኝ። "አያትህ ይቀየሙህ። የተቀየመ ሙት ከሞተ ባል ይሻላል።"

አልዋሽም፣ ፈራሁ። በሕይወት ዘመኔ አንድም ትእዛዛቸውን ጥሼ የማላውቅ ሰውዬ፣ የመጨረሻውን ለመጣስ ቅዳሜ ጠዋት ዶማ ይዤ ወጣሁ። አሮጌው መቃብር እንዲከፈት፣ ፍሬው ወይም ትራፊው እንዲወጣ፣ አያቴም በቦታው እንዲገቡ ተወሰነ። የበኩር የልጅ ልጅ ስለሆንኩ መጀመሪያ የምወርደው እኔ ነኝ። ዳና እንደ ወጉ ቤት ውስጥ ሬሳው አጠገብ ተቀምጣለች፤ እሷን የጠየቃት ሰው አልነበረም።

አፈሩ ልስልስ ያለ ነበር። ደረቴ ድረስ እንደቆፈርኩ ዶማዬ ብረት መታ።

ፍሬ ብረት አይደለም። አብሮኝ ይቆፍር የነበረው የአጎቴ ልጅ ሳይሰናበተኝ ከጉድጓዱ ዘሎ ወጣ። እኔ ግን ቀረሁ። አፈሩን በእጄ ስጠርግ የጥይት ሣጥን ወጣ፤ ክዳኑ ላይ በነጭ ቀለም ስም ተጽፎበታል። የእኛ ሰው ስም አይደለም፤ ኪሎንዞ ይላል። ማጠፊያው ዝጓል፤ በዶማ ጫፍ ገፋሁት። በቅባት ጨርቅ የተጠቀለለ ጥንድ የወታደር ጫማ ነበር። ትልልቅ ናቸው። ጥቁሩ ያብለጨልጫል፤ የጫማ ቀለሙ ሽታ ከጉድጓዱ ወጥቶ ሰው ሁሉ አፍንጫውን ያዘ። ዛሬ ጠዋት የተወለወለ ነው ብል ማንም አይከራከረኝም ነበር።

"ይኼ የማን ነው?" አሉ ኦጉቱ ከላይ።

"የኪሎንዞ ነው።"

የመለሰችው ዳና ናት። ምርኩዟን ይዛ ከቤት ወጥታለች። ማንም ወደ ውስጥ ግቢ ሊላት አልደፈረም።

"ከካምባ ጎሣ ነው፤ የባሌ ጓደኛ። ባሌ ሲቆስል አዝሎ ወንዝ ያሻገረው እሱ ነው። ጫማው እንዳይርስ አውልቆ ባሌ አንገት ላይ አንጠለጠለው። ማዶ ሊደርሱ ትንሽ ሲቀራቸው ተመታ። ባሌ የዳር ሣር ጨብጦ ቀረ፤ ኪሎንዞን ውኃው ወሰደው። ሬሳ የለ፣ መቃብር የለ። አገር የገባው ጫማው ብቻ ነው።"

"እና የማናውቀውን የሰው አገር ሰው በቤታችን ቀኝ ይቀብራል?" ኦጉቱ ጮኹ። "ማንን ጠይቆ ነው?"

"እናንተስ ባሌን ስትቀብሩ ማንን ጠየቃችሁ?" አለች ዳና። "ፍሬ አቅፌ አለቀስኩ። ጸጉሬን ላጫችሁኝ። አንተማ በጉን ሳይቀር መርጠህ ነበር።"

ከሰዉ መሃል አንድ ሳቅ አመለጠ። ኦጉቱ ሰማዩን ማየት ጀመሩ።

"ታዲያ ዳና፣ እስካሁን ምነው ዝም አልሽ?" አልኳት ከጉድጓዱ ውስጥ።

"አደራ ስላለኝ። ኦጉቱ ከሰማ አስወጡ ይላል ብሎ አምሎኝ ነበር። ደግሞ ብናገርስ ማን ያምነኛል? ዓይናችሁ ይይ ብዬ ተውኳችሁ።"

"መቼ ነው የቀበሩት?"

ወደ ጉድጓዱ ጠጋ ብላ አየችኝ።

"ላንተ ስም የወጣ ዕለት።"

ምርኩዟን አፈሩ ላይ ተከለች።

"ሁላችሁም በላችሁ፣ ጠጣችሁ፣ ሄዳችሁ። እሱ ግን መቃብሩን እያየ ቆሞ ቀረ። ስም የተጻፈበት ባዶ መቃብር ውጭ አለ፤ ያንኑ ስም የያዘ የስምንት ቀን ሕፃን ቤት ውስጥ ተኝቷል። ገብቶ ጫማዎቹን አወጣ። ማንም እንዲነካቸው አይፈቅድም ነበር፤ እኔን ጭምር። እሑድ እሑድ ሲወለውላቸው አሥራ ሰባት ዓመት ሆኖት ነበር። አንድ ጊዜ ጨምሮ ወለወላቸው፣ ሣጥን ውስጥ ከተታቸው፣ ቆፈረ። 'ኪሎንዞ፣ ይኼ ያንተ ቤት ነው፤ ባለቤት አለው፤ የማንንም ልጅ አይጠራም' እያለ አፈር መለሰ። እኔ ሳቅሁበት። 'በፍሬ አላምንም የምትል ሰውዬ ምን ነካህ?' አልኩት።"

"ምን አለሽ?"

"'አሁንም አላምንም' አለኝ። 'ግን በልጁ አልወራረድም።'"

ጉድጓዱ ውስጥ ቁጭ አልኩ። ሠላሳ ሦስት ዓመት ያ ሰው ጥፍሬን ሲፈትሽ፣ ቁልፌን ሲቆጥር፣ በቀን አሥር ጊዜ በርማ ሲገድለኝ፣ አንድ ቀን እንኳን እወድሃለሁ ብሎኝ አያውቅም። አለቀስኩ፤ ሰው ቢያይም ግድ አልሰጠኝም።

ስወጣ ሣጥኑን ራሳቸው ኦጉቱ ተቀብለውኝ፣ ክዳኑን በክንዳቸው ጠርገው ወደ ቦታው እንዲመለስ ለአጎቴ ልጅ ሰጡት። ስሜ ያለበትን መስቀል ነቅለው ጉልበታቸው ላይ ሰበሩት። እኔም ሁለት እርምጃ ወደ ጎን ለካሁና አዲሱን መቃብር መቆፈር ጀመርኩ። የከለከለኝ ሰው አልነበረም።

ጥቂት እንደቆፈርኩ ኦጉቱ ጥላቸውን ጣሉብኝ።

"ከዚያ በኩል ሰፋ አድርገው" አሉ፣ ሌላ ሰው እንዳይሰማ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "ወንድሜ ሲተኛ ይገላበጣል።"

ሰፋ አድርጌ ቆፈርኩት።