ዐውሎው በንፋስ መውጫ የወጣባት የገበያ ቀን

በሁለት ሺህ ሦስት ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ሉቃስ ወንጌላዊ፣ ባጃጅ በንፋስ መውጫ ከተማ ጎዳና ላይ በነገሠች በጥቂት ዓመት፣ መብራትም ደስ ባለው ቀን እየመጣ ደስ ባለው ቀን በሚሄድበት ዘመን፣ የፊዚክሱ መምህር ስንታየሁ፣ መዋዔ ዐውሎ፣ ሊቀ ነፋሳት፣ የጠመኔ ብናኝ ከኮታቸው የማይለይ፣ ለታላቅ ዘመቻ ተነሡ።

የዘመቻውም ነገር እንዲህ ነው። ሄሊኮፕተር ሲበር ፊተኛው የመዘውር ክንፍ ከጫፉ ትንሽ ዐውሎ ጥሎ ያልፋል፤ ኋለኛው ክንፍ ደርሶ ያንን ዐውሎ ሲገጨው ጣራ የሚያንቀጠቅጠው ድምፅ ይወለዳል። መምህሩም የሁለቱን ጠብ በስሌት አስመስለው በኮምፒውተር ሊያሳዩ ቆርጠው ነበር፤ ሰኞ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ውጤቱን ካላደረሱ ሁለተኛ ዲግሪያቸው ውኃ ይበላዋልና። ርእሰ መምህር ወገኔ ግን የትምህርት ቤቱን ብቸኛ ኮምፒውተር የፈቀዱላቸው ለቅዳሜ ብቻ ነበር።

ባላጋራም አልጠፋ። ከአጥሩ ጀርባ የቢሻው ወፍጮ ነበረ፤ ወፍጮው በተነሣ ቁጥር መብራቱ ይደክማል፣ ኮምፒውተሯም ትጠፋለች፣ ስሌቱም እንደገና ከሀ ይጀመራል። መምህሩ ለአንድ ቀን እንዲያቆምላቸው ቢለምኑት፣ ቢሻው በገበያ ቀን ለንፋስ ብሎ ወፍጮ የሚያቆም ሞኝ እንዳልሆነ ነገራቸው። መዋዔ ዐውሎም እንባቸው መጣ፤ ይህን መጻፍ ለክብራቸው ባይገባም እውነት ነው።

ወእምዝ በዕለተ ቅዳሜ ሠራዊታቸው ተሰለፈ፤ በቀኝ ያረጀችው ኮምፒውተር፣ በግራ ገመዷ የተጠጋገነ ማከፋፈያ፣ በበሩ ዘበኛው ካሣሁን ከነዱላው። መምህሩ ለተማሪዎቻቸው እንዲገባ ብለው በስክሪኑ አንድ ጫፍ «ንፋስ መግቢያ»፣ በሌላው ጫፍ «ንፋስ መውጫ» ብለው ጽፈው ነበር። ካሣሁን አንገቱን አስግጎ ቢያይ፣ ቀይ ዐውሎ እየተሽከረከረ ወደ ንፋስ መውጫ ይገሰግሳል። በቀጥታ ወደ ገበያው ሮጦ አወጀ፦

«ስማ፣ ያልሰማህ ስማ። ቀይ ዐውሎ ወደ ንፋስ መውጫ እየመጣ ነው። መምህሩ በኮምፒውተር አይተውታል። ከብትህን አስገባ፣ ቤትህን ዝጋ።»

ያን ጊዜ ጨው ሻጩ ጨዉን፣ በርበሬ ሻጯ በርበሬዋን ትተው ሸሹ፤ አህዮች ያለ ባለቤት፣ ባጃጆችም ያለ ተሳፋሪ ገሠገሡ፤ ካህናቱ ለምሕላ ተሰበሰቡ። ከሁሉ ቀድሞ ወፍጮውን ያጠፋው ግን ቢሻው ነበር፤ ጣራውንም በጠፍር አሰረ። መብራቱም ረጋ፤ ኮምፒውተሯ ቀኑን ሙሉ ዓይኗን ሳታርገበግብ ዋለች፤ ኋለኛው ክንፍ ዐውሎውን ለሁለት ሰነጠቀው፤ ስሌቱም ተፈጸመ።

መምህሩ በደስታ ቢወጡ መንገዱ ጭር ብሏል። ርእሰ መምህር ወገኔ ጋቢ ተከናንበው የዐውሎውን ነገር ጠየቁ። ስንታየሁ ነገሩ ገባቸው፤ ሊያስረዱ አፋቸውን ከፈቱ፤ ዝም ያለውን ወፍጮ አዩና ሐሳባቸውን ለወጡ። እንዲህም በታላቅ ድምፅ አወጁ፦

«ዐውሎው በንፋስ መውጫ ወጥቶ ሄዷል። ማንንም አልነካም።»

በዚህ ቃል አንዲት እንኳ ሐሰት አልነበረችም። ከተማው በእልልታ ቀለጠ።

ሰኞም በባሕር ዳር የዩኒቨርሲቲው መምህራን ሥራውን አደነቁ፤ ነገር ግን ሦስተኛ ክንፍ ጨምረው እንዲደግሙት አዘዙ። ስንታየሁ በተመለሱ ጊዜ ቢሻው እጅ ነሥቶ፣ ያ ዐውሎ ይመለስ እንደሆነ ጠየቃቸው። እርሳቸውም በሐዘን ቃል፣ በሚመጣው የገበያ ቀን ይመለሳል አሉት። ቢሻውም ጠፍሩን ሳይፈታ ጠበቀ።

እንግዲህ ክብር ለመምህር ስንታየሁ ይሁን፣ ልመና ያላቆመውን ወፍጮ ባልነፈሰ ንፋስ ላቆሙት።