ሞተር ሰሚው ሽማግሌ

መኪና የሚያልፍበት ከተማ ሁሉ ጥሩ መካኒክ ላይኖረው ይችላል፤ ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት የሚል ሞተር አድማጭ ግን አያጣም። ለእኛ ለአሰላዎች የደረሱን ክቡር ጋሼ እንደሻው ናቸው። የአቦምሳን መንገድ በጭነት መኪና ሲያመላልሱ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል። እጃቸው መሪ ቢለቅም ጆሯቸው ሥራ አልፈታም።

ሻይ ቤት በር ላይ ተቀምጠው የሚያልፈውን ሚኒባስ ሁሉ ይመረምራሉ። «ይሄ ካንዴላው አልቋል። ያኛው ነገ ይቆማል።» ሚኒባሱ ነገም ከነገ ወዲያም እየከነፈ ሲያልፍ ያዩታል፤ ቅንጣት አያፍሩም። «ምክሬ ደርሶት አሠርቶት ነው» ይላሉ። አንድ ጊዜ ቀብር ላይ አስከሬን የያዘው መኪና ዳገት ላይ ሲንተፋተፍ፣ ከለቀስተኛው መሀል «ኧረ ማርሽ ቀንስለት!» ብለው ጮኸዋል። የሟች ቤተሰብ እስካሁን አኩርፏቸዋል።

ዘንድሮ ተራው የእኔ ሆነ። አሮጌዋ መኪናዬ ጥቁር ጭስ መትፋት፣ ቤንዚን ቤንዚን መሽተትና ቆማ መንቀጥቀጥ አመጣች። የጋራዧ ባለሙያ ለሊሴ በመሣሪያ መርምራ ነገሩን ቁልጭ አድርጋ አስረዳችኝ። ከጭሱ ውስጥ የተረፈውን አየር የሚለካው ኦክስጅን ሴንሰር ደክሟል፤ ለኮምፒውተሩ «ነዳጅ አነሰ» የሚል የሐሰት ወሬ ያቀብላል፤ ኮምፒውተሩም የዋህ ነውና አምኖ ይጨምራል። አዲሱ ሴንሰር ከአዳማ እስኪመጣ ታገሥ አለችኝ።

አጠገባችን ቆመው ይሰሙ የነበሩት ጋሼ እንደሻው ከት ብለው ሳቁ። «ሞተር በጆሮ ነው! አሰላ ደጋ ነው፣ አየሩ ስስ ነው፤ ነዳጁን መቀነስ ብቻ ነው!» ካቻቢቴ ይዘው ነዳጅ የሚቀንሰውን ብሎን ፍለጋ ገቡ። እሳቸው በነዷቸው መኪኖች ላይ ነበረ፤ በእኔዋ ላይ የለም። ጋሼ እንደሻው ግን የሚዞር ብሎን አያጡም። ለሊሴ «ጋሼ፣ ዲሳ! ይተዉት፣ አይንኩት!» ብትል ማን ሰምቷት። ያገኙትን አዞሩ። መኪናዋ መንቀጥቀጧን ሳትተው ማጓራት ጨመረችበት። «አሁን ነቃች» አሉ።

ሌላ ጊዜ ቢሆን በሳቅ ባለፈ። በማግስቱ ግን ወደ ሁሩታ ከተማ ሽማግሌ ልልክ ነበር፤ አይናለምን ላስጠይቅ። አባቷ አቶ ፍሰሐ ኮስታራ ናቸው፤ ከእኔ በፊት የመጣውን ጠያቂ በር ላይ መልሰውታል። እኔ ደግሞ አባት የለኝም። በአባቴ ቦታ ሆነው እንዲናገሩልኝ የለመንኩት የአባቴን ባልንጀራ፣ እኚሁኑ ጋሼ እንደሻውን ነው።

ወጉ እንደሚታወቀው ጠያቂው ከሽማግሌ ጋር አይሄድም። ያችን መኪና ግን ሌላ ሰው ሊነዳት አልደፈረም። ስለዚህ ሦስቱን ሽማግሌዎች ግቢው በር ላይ አውርጄ፣ መሪው ሥር አንገቴን ቀብሬ ተደበቅሁ። ሞተሩን እንዳላጠፋ ታዝዣለሁ፤ ከጠፋች አትነሣማ።

በሩ ክፍት ነበርና ሁሉም ይሰማኛል። አቶ ፍሰሐ «ግቡ፣ ተቀመጡ» አሉ።

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ ጋሼ እንደሻው በወጉ። «የመጣነው፣ ልጅዎን ለልጃችን...»

መኪናዋ ኡሁ ኡሁ ብላ ሳለች። ድምፃቸው ቆመ።

«ልጅዎን...»

ደግማ ሳለች። ቀጥሎ የሰማሁት የሩጫ ኮቴ ነው። ጋሼ እንደሻው ልመናውን አንጠልጥለው፣ ጋቢያቸውን ሰብስበው ወደ በሩ እየበረሩ «ዘሪሁን! ነዳጅ ስጣት እንጂ፣ ልትጠፋ ነው!» ብለው ጮኹብኝ።

ቀና ስል አቶ ፍሰሐ ከኋላቸው ቆመዋል። መኪናዋም የመጨረሻ ጭሷን በሽማግሌዎቹ ነጭ ጋቢ ላይ አራግፋ ጸጥ አለች። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

«ልጁ ይሄ ነው?» አሉ አቶ ፍሰሐ።

«እሱ ነው።»

«ልመናውን ጥሎ ለሞተር የሚሮጥ ሽማግሌ ዛሬ ገና አየሁ። ለመሆኑ ምን ሆና ነው?»

በቃ፣ አለቀልኝ አልኩ። ስለ ደጋ አየር የሚሰጡት ትምህርት እስኪመሽ አያልቅም።

«አላውቅም» አሉ ጋሼ እንደሻው። ጆሮዬን ተጠራጠርኩ። «የዚችን መኪና ነገር አላውቅም፣ አቶ ፍሰሐ። ትናንት ነካክቼ ያባስኳት እኔ ነኝ። ይሄ ልጅ ሚስት ሊጠይቅ ባለበት ሰዓት መኪናውን አበላሽቼበት፣ ‹ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ› ብሎ ነው ይዞኝ የመጣው። መኪናዋን አላውቃትም። ልጁን ግን አውቀዋለሁ።»

 አቶ ፍሰሐ ወጉን ጠብቀው «መክረን ከሁለት ሳምንት በኋላ መልስ እንሰጣለን» አሉ። ወደ ቤት ሊገቡ ሲሉ ዞረው «ስትመለሱ እኚህ ሰው አይቅሩ» አሉ። «መኪናዋ ግን ትቅር።»

ሽማግሌዎቹ ገፍተው አስነሡልኝ። መንገድ ላይ ጋሼ እንደሻው «ሰማኸው?» አሉኝ።

«ሞተሩን ነው?»

«የአቶ ፍሰሐን ድምፅ ነው እንጂ። ይሰጥሃል።»

ሰጡኝ። ለሊሴም አዲሱን ሴንሰር ገጥማልኝ መኪናዋ ዛሬ ጤነኛ ናት። ጋሼ እንደሻው ግን እሁድ እሁድ እየመጡ ያዳምጧታል፤ «ትንሽ ነዳጅ ይበዛባታል» ይላሉ። አይናለም ወንበር ታወጣላቸዋለች፣ እኔ ሞተሩን አስነሣላቸዋለሁ። እሳቸው ያልመጡበት እሁድ ቤቱ ጭር ይልብኛል።