አንድ ቀን ብቻ የሚያድር ድምፅ

ሰው በሸመገለ ቁጥር የሚደብቀው ነገር ያንሳል፤ የሚደብቅበት ዘዴ ግን ይበዛል። እኔ በጎልማሳነቴ፣ ሊደበቅ የሚገባው ብዙ ነገር በነበረኝ ዘመን፣ የቤቴ በር የሚታሰረው በሽቦ ነበር። ዛሬ ከጉልበት ሕመሜ በቀር ይህ ነው የሚባል ምስጢር የለኝም፤ ስልኬ ግን በቅርቡ የባንክ ካዝና ሆኖ ነበር። እንዴት እንደሆነ ላጫውታችሁ። ብትስቁ አልቀየምም፤ ብቻ ጎረቤቴ እንዳይሰማ ድምፃችሁን ዝቅ አድርጉልኝ።

ነገሩ የተጀመረው እዚሁ አሶሳ፣ ለጡረተኞች በተዘጋጀ የግማሽ ቀን ሥልጠና ላይ ነው። አሠልጣኟ በዕድሜ ልጄ የምትሆን፣ ንግግሯ የተቆጠበ ሴት ናት። የይለፍ ቃል ከትውልድ ዘመን አይሠራም ስትል የአዳራሹ ግማሽ አቀረቀረ። የእጅ ባትሪ ሆኖ የሚያበራ መተግበሪያ የወዳጆቻችንን ስልክ ቁጥር እንዲያይ ለምን እንደፈቀድንለት ጠየቀች። እውነትም መብራት የሰው ስልክ ቁጥር ምን ያደርግለታል? ሊደውል ነው?

በመጨረሻ፣ የደረሰ መልእክት አንድ ቀን ቆይቶ ራሱን በራሱ እንዲያጠፋ የሚያደርገውን ዘዴ አሳየችን። የእኔን ስልክ ተቀብላ ከመነካካቷ በፊት ግን፣ ስልኩን አብሮኝ የሚጠቀም ሰው እንዳለ በትሕትና ጠየቀችኝ። ይህ ጥያቄ ነው? ክልሉ ገና አዲስ ሲቋቋም፣ መሥሪያ ቤቱ ወንበር እንኳ ሳይሟላለት፣ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ማስረጃዬን ይዤ የገባሁ ሰው ነኝ። ስልክ የምጋራ እመስላለሁ? «በፍጹም!» አልኳት፤ አዳራሹ በሙሉ ሰማ። እሷም እንዳልኩት አስተካከለችልኝ።

ሼክ ኢድሪስን ረስቼው ነበር።

ሼክ ኢድሪስ የመንጌ ተወላጅ፣ ሰሊጥ ነጋዴ፣ የአጥር ጎረቤቴ ነው። አፉን የፈታው በበርታኛ ስለሆነ አማርኛው «እርስዎ» የሚባል ነገር አያውቅም፣ ወንድና ሴትም አይለይም፤ ከአሶሳ ሰው ሁሉ «አንተ» የሚሉኝ፣ በስሜም «ያ በላቸው» ብለው የሚጠሩኝ እሱና ሚስቱ ብቻ ናቸው። ከሌላ ሰው አፍ ቢወጣ አልታገሠውም ነበር። የእሱ ስልክ ባለ ቁልፍ ስለሆነ የድምፅ መልእክት የሚልክለት ሁሉ ወደ እኔ ይልካል። እሱም በረንዳዬ ላይ ይቀመጣል፤ እከፍትለታለሁ፤ አዳምጦ ይሄዳል። እኔ ይህን ጉርብትና እንጂ ስልክ መጋራት ብዬው አላውቅም።

ይህ ወዳጄ ባለፈው በጋ ከልጁ ከአልሐሰን ጋር ተጣላ። ልጁ ወርቅ ፍለጋ እሄዳለሁ አለ፤ አባት ከሄድህ ደጄን እንዳትረግጥ አለው፤ ልጁ ሄደ። እናቲቱ ወይዘሮ ሐዋም ልጄን ካባረረ ሰው ጋር አልኖርም ብላ መንጌ፣ ወንድሞቿ ቤት ገባች። ሽማግሌዎች ሄደን ለመንናት። ልጄ ከአባቱ መታረቁን በገዛ አፉ ሲናገር ካልሰማሁ አልመለስም ብላ መለሰችን።

ከሥልጠናው በኋላ ብዙም ሳይቆይ የልጁ ድምፅ ስልኬ ላይ ደረሰ። ፊት ለፊት ደውሎ ለማናገር አፍሮ ነው መሰለኝ፣ ረጅም አድርጎ ቀርጾታል። በበርታኛ ስለሆነ እኔ የሰማሁት ዜማውን ብቻ ነው። ሼክ ኢድሪስ ግን ቆቡን አውልቆ ጭኑ ላይ አኖረ። ሲያበቃም «ያ በላቸው! ልጁ ይቅር በለኝ አለ! ለእናቴም ንገረው አለ!» ብሎ እጄን ጨበጠኝ። ልጁ ኔትወርክ ወደሌለበት የወርቅ ቦታ ሊገባ ነው፤ ክረምቱ ሳይወጣ አይመለስም። ድምፁን ደግሜ አሰማሁት። «ይኼን ጠብቀው፤ ሐዋ ለገበያ ሲመጣ ይሰማል» ሲለኝ፣ ደረቴን ነፍቼ ከዚህ ስልክ ጅን እንኳ አያወጣውም አልኩት። እውነቴን ነበር፤ ያወጣው ጅን አይደለም።

በገበያው ቀን ወይዘሮ ሐዋ ከአሸንዳው ሥር ካለው አግዳሚ ላይ፣ ከባሏ አንድ ክንድ ራቅ ብላ ተቀመጠች። እኔ ኮቴን ለብሼ ወጣሁ። የይለፍ ቃሌንም፣ ሁለቱም ፊደል የማይለዩ መሆናቸውን እያወቅሁ፣ በመዳፌ ከልዬ አስገባሁ። ገጹ ተከፈተ። የአልሐሰን ስም አለ፤ ከስሙ ሥር ምንም የለም። ወደ ላይ ገፋሁት፤ ወደ ታች ሳብኩት፤ አጥፍቼ አበራሁት። ባዶ ነው።

ሐዋ ወደ ባሏ ዞረች። «አላህን ፍራ! በሽምግልና ውሸት ጀመርህ?» አለችው፣ እኔም እንድሰማ በአማርኛ። እኔ መሐል ገብቼ፣ ድምፁ በእርግጥ መጥቶ እንደነበረ፣ ለምስጢር ጥበቃ ሲባል ራሱን እንዳጠፋ፣ ሥልጠና ላይ በተናገርኩት ድምፀት አስረዳኋት። ከማን እንደምደብቅ ጠየቀችኝ። ከሌባ አልኳት። «ሌባው በርታኛ ያውቃል?» አለችኝ።

ወደ ልጁ ደወልን፤ አይሠራም። በዚህ ጊዜ ሐዋ ነጠላዋን አስተካክላ እኔን ብቻ ትመለከት ጀመር። አንተ ዋሽተህ አታውቅም፤ ልጄን በጆሮህ ሰምተሃል? አለችኝ። ከተቀመጥኩበት ተነሥቼ፣ በቆምኩበት፣ ሰምቻለሁ አልኩ። ድምፁ የልጅሽ ነው፤ ረጅም ነበር፤ መሐል ላይ ተቋረጠና አለቀሰ፤ ደግሞም ቀጠለ አልኳት። ፊቷ ሲለሰልስ አየሁ። አንድ ክንድ የነበረው ርቀት ስንዝር የሆነ መሰለኝ።

«ምን ሲል አለቀሰ?» አለችኝ።

ሼክ ኢድሪስ ሊመልስላት አፉን ከፈተ። እጇን ወደ እሱ ዘርግታ አስቆመችው፤ የምጠይቀው አንተን አይደለም አለችው። እኔ ድምፁን ሁለት ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ ዛሬም ዜማው ጆሮዬ ላይ አለ፤ ከውስጡ ግን አንድ ቃል ለይቼ ማውጣት አልቻልኩም። ሐዋ በቁጣ ሳይሆን በእርጋታ ተነሥታ፣ የመንጌው መኪና ሳያመልጣት ሄደች። ባሏ እስከ መናኸሪያው ዘንቢሏን ተሸክሞ ተከተላት፤ ብቻውን ተመለሰ።

ያን ዕለት የስልኬን መቆለፊያ ሁሉ ፈታሁ። አሁን በረንዳዬ ላይ ክፍቱን ይውላል፤ ሼክ ኢድሪስ ጠዋት ጠዋት በአጥሩ በኩል «መጣ?» ይለኛል፤ አልመጣም እለዋለሁ። በአሠልጣኟ አልፈርድም፤ እሷ የጠየቀችኝን በትክክል መመለስ ያቃተኝ እኔ ነኝ። የክልሉ የሥራ ቋንቋ አማርኛ ነው ተባለ፤ እኔም ሥራዬን ሠርቼ ጡረታ ወጣሁ። እነሆ በእነዚህ ሁሉ ዓመታት በዚያ አጥር በኩል ወደ ጆሮዬ የገባ የበርታኛ ቃል ሁሉ፣ አንድ ሌሊት እንኳ ሳያድር ራሱን በራሱ ሲያጠፋ ኖሯል። የስልኩን አስተካክያለሁ፤ የጆሮዬ ማስተካከያ ግን የት እንዳለ እስካሁን አላገኘሁትም።