አንድ ጊዜ ጠርቶ የተዘጋ ስልክ

መርዶዬ የመጣ ዕለት፣ ባሌ መሞቱን ሰፈሩ በሙሉ ከእኔ ቀድሞ ያውቅ ነበር። ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። በእኛ አገር የሞት ወሬ ታክሲውን፣ ሻይ ቤቱን፣ ወፍጮ ቤቱን አዳርሶ መጨረሻ ላይ የሚገባው ባለቤቱ ቤት ነው። ሌላው ዓለም ወሬ ቶሎ እንዲደርስ ሽቦ ይዘረጋል፤ እኛ ወሬ ቶሎ እንዳይደርስ ሽማግሌ እንዘረጋለን። ሰውን በምሽት አያረዱትም። ብቻውን አያረዱትም። እራቱን ሳይበላማ ጨርሶ! ጎህ ሲቀድ፣ ዘመድ ጎረቤት ተሰብስቦ፣ በር ተንኳኩቶ ነው። እስከዚያ ድረስ ሟቹ ለሁሉም ሞቷል፣ ለሚስቱ ግን በሕይወት አለ።

ባሌ አስማረ ይባላል። በአንድ መሥሪያ ቤት የንብረት ክፍል ሠራተኛ ነበር። ጸጉሩ ከሸበተ፣ ለማንበብ መነጽር ከጀመረ በኋላ፣ ፒያሳ አጠገብ ባለ ኮሌጅ ኮምፒውተር ሳይንስና ኔትወርክ ለመማር ተመዘገበ። ምነው በዚህ ዕድሜህ ስለው፣ መሥሪያ ቤታችን ኮምፒውተር ሊያስገባ ነው፣ ማሽኑ ሳያባርረኝ ልቅደመው አለኝ። ቅዳሜና እሑድ ደብተሩን በብብቱ ሸጉጦ ከልጆች መሀል ይቀመጣል። አስተማሪው ልጁ የሚሆን ወጣት ነው። እሱ ሲገባ አስማረ ለመምህር ክብር ብድግ ይላል፤ አስተማሪው ደግሞ ትልቅ ሰው ቆሞ እኔ አልጀምርም ይላል። ኧረ ይቀመጡ ጋሼ፣ ኧረ አንተ ጀምር ሲባባሉ ክፍሉ በሳቅ ይፈርሳል፣ ሰዓቱም ይጋመሳል።

የተማረውን ለእኔ ካላስተማረ እንቅልፍ አይወስደውም ነበር። የእድራችን ጡሩምባ ነፊ ለሁሉም በአንድ ጊዜ የሚላክ መልእክት ነው፤ የጎረቤታችን የሐጂ ኑሩ ሱቅ ደግሞ የሁሉም ገመድ የሚገናኝበት ሣጥን ነው ይለኛል። በዚህ እንኳ አልተሳሳተም፤ በሐጂ ሱቅ ሳያልፍ ወደ ሰፈራችን የገባ ወሬ አላውቅም። በኋላ ኮሌጁ ከጣላቸው አሮጌ ኮምፒውተሮች ሁለቱን ለምኖ አመጣና አንዱን መኝታ ቤታችን፣ አንዱን ሐጂ ሱቅ አስቀምጦ በአጥሩ ላይ ገመድ ዘረጋ። እኔ በገመዱ ላይ አንሶላ አሰጣበታለሁ፤ እሱ መልእክቱን አታንቂብኝ እያለ ያወርደዋል። የመጀመሪያው መልእክት «ስኳር አለ?» የሚል ነበር። መነጽሩን አድርጎ መልሱን ሲጠባበቅ ሐጂ በአጥሩ ላይ አንገታቸውን አውጥተው፣ አለ! ግን ምነው አስማረ፣ አፍህን ምን ነካው? ብለው ጮኹ። እስከ ዛሬ ከዚያ የፈጠነ ኔትወርክ አላየሁም።

አንድ እሑድ ግን አኩርፎ መጣ። ፈተና ላይ ማርክ ተቀንሶበታል። ነገሩ እንዲህ ነው፤ አንዱ ኮምፒውተር ሌላውን «አለህ?» ብሎ ይጠይቃል፣ ያኛው «አለሁ» ብሎ ይመልሳል። ፈተናው፣ መልሱ መምጣቱ መላሹ ማን እንደሆነ ያረጋግጣል ወይ? ይላል። አስማረ በሚገባ ያረጋግጣል ብሎ ጻፈ። አስተማሪው በቀይ ሰረዘበት፤ መልስ መምጣቱ መስመሩ መሥራቱን ይነግርዎታል እንጂ ማዶ ማን እንዳለ አይነግርዎትም አለው። አስማረ ይህ አልገባው አለ። እኔ ስጠራሽ አቤት ትያለሽ፤ ታዲያ አቤት ያልሽው አንቺ ካልሆንሽ ማን ልትሆኚ ነው? እያለ እራቱን በቁጣ በላ። እኔም አብሬው አስተማሪውን ወቀስኩ። ሚስት ለምን ትኖራለች?

ደግሞም የእኛ ቤት «አለህ? አለሁ» በስልክ ነበር። ሞባይል በየእጁ በገባበት ሰሞን ነው። የደረሰበት ቦታ ሲደርስ፣ ወደ ቤት መኪና ሲሳፈር፣ ውጭ ሲያድርም አንድ ጊዜ ጠርቶ ይዘጋል፤ እኔም አንድ ጊዜ ጠርቼ እዘጋለሁ። ደርሻለሁ፣ ሰምቻለሁ ማለት ነው። ካልጠራ እህል አይወርድልኝም።

ያን ቀን ኮሌጁ ተማሪዎቹን ለልምምድ ድብ ባሕር ወዳለ ትምህርት ቤት ላካቸው፤ ለትምህርት ቤቱ ገመድ ሊዘረጉ። ጠዋት እንደደረሰ ጠራ፣ ዘጋ። እኔም ጠራሁ፣ ዘጋሁ። ከሰዓት በኋላ መሰላል ላይ እንዳለ ደረቴን አፈነኝ ብሎ ወረደ፤ ግድግዳውን ተደግፎ ተቀመጠ፤ ጤና ጣቢያም አልደረሰ። ይህን የሰማሁት በማግስቱ ነው። ያን ዕለት እኔ የማውቀው ፀሐይ መጥለቋንና ስልኩ አለመጥራቱን ብቻ ነበር።

ሲመሽ ቤቴ ያለወትሮው ሰው በዛበት። የሐጂ ባለቤት ወይዘሮ ዘሃራ እራት ይዛ መጣች። የእድራችን ዳኛ አያ ታደሰ ፒንሳ ይዘው አጥሩ ላይ ሲወጡ አየሁ። ምነው አያ? ብላቸው፣ ገመዱ መብረቅ ይስባል፣ ልቁረጠው አሉ። ሰማዩ ጥርት ያለ የጥር ሰማይ ነበር። ለካ ወሬው በዚያ ገመድ ገብቶ ሌሊቱን እንዳያረዳኝ ፈርተው ነው! ገመዱ እኮ ከሐጂ ሱቅ አያልፍም። ሐጂ ሱቅ ውስጥ ደግሞ የተቀመጡት ነገ እንዴት እንደሚያረዱኝ የሚመክሩት ራሳቸው ናቸው። አስማረ ቢያይ በሳቅ ይንፈራፈር ነበር። እሱ ግን በዚያው ሰዓት አስከሬኑ በእኛው ሰፈር አስፋልት፣ የራሱን ቤት አልፎ፣ ጠዳ ከሚኖረው ወንድሙ ቤት ሊያድር እየሄደ ነበር።

እኔ ስልኬን ጨብጬ ተቀምጫለሁ። ለዘሃራ፣ አልጠራም እኮ፣ ምን ሆኖ ነው? እላለሁ። መኪና አጥቶ ይሆናላ፣ አንቺ ደግሞ! በይ ብዪ፣ ትለኛለች። አልበላ አልኩ። በኋላ እንደሰማሁት ሱቁ ውስጥ ክርክር ተነሣ። አያ ታደሰ ስልኳን እንቀማት አሉ። ዘሃራ ግን ለአፍታ ከእኔ ዘንድ ወጥታ፣ ስልኩን ብትቀሟት አሁኑኑ ይገባታል፣ ይልቅ ወንድሙ በአስማረ ስልክ ይጥራላት አለች። ስልኩ ጠዳ፣ በወንድሙ ኪስ ውስጥ ነበር።

ጠራ። አንድ ጊዜ። ተዘጋ።

ስሙን በስልኩ ላይ አየሁት። ጠርቼ ዘጋሁ። ዘሃራ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ፣ አየሽ? በይ አሁን ጉረሺ አለችኝ። በላሁ። መቼም በዚህ ሰዓት መኪና የለም፣ ድብ ባሕር ሊያድር ነው፣ ዛሬ አልጋው ለብቻዬ ነው ብዬ ቀለድኩ እንኳ። ዘሃራ አልሳቀችም። ተዘርግቼ ተኛሁ።

ጎህ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ።

በሰልስቱ አስተማሪው መጣ። ከድንኳኑ ጥግ ተነሥቶ ወደ እኔ ቀርቦ፣ ጋሼ በዚያች ጥያቄ ብዙ ተከራክረውኝ ነበር፣ ማርኩን እመልስላቸዋለሁ አለ። ልጁ ሌላ የሚያደርግልኝ ነገር ጠፍቶት ነው። እንዳትመልስ አልኩት። ማርኩን የቀነስከው በትክክል ነው፤ እኔም አንድ ሌሊት ተፈትኜ ወድቄያለሁ።

ዘሃራን ብዙ ጊዜ ልቆጣት አስቤ አቅቶኛል። ያቺ ሌሊት የመጨረሻዋ ሸጋ እንቅልፌ ናት፤ ያስተኛኝም ውሸት ነው። ታዲያ ልመርቃት ወይስ ልርገማት? ገመዱ እስከ ዛሬ በሐጂ በኩል ጫፉ ተቆርጦ ተንጠልጥሏል፤ ቀሪው በአጥሩ ላይ እንደተዘረጋ ነው። ልጠቅልልልሽ ይሉኛል ሐጂ፤ ይቆይ እላቸዋለሁ። አንሶላ አሰጣበታለሁ፤ አውርጂ የሚለኝ የለም።

እንግዲህ ይህን ያነበባችሁ ሁሉ፣ ለአስማረ ነፍስ ይማር በሉልኝ። በየሃይማኖታችሁ ይሁን፤ ሐጂም በራሳቸው ዱዓ ያደርጉለታል። ረጅም ጸሎት አልለምናችሁም። አንድ ጊዜ ጠርታችሁ ዝጉ፣ ይበቃዋል። ማን እንደጠራው አይለይም ብላችሁም አትስጉ፤ እሱ እንደሆነ ያ ትምህርት አልገባው ብሎ ነው የሄደው፣ የጠራው ሁሉ እኔ መስዬው አቤት ይላል።