የጋሽ ሽበሺ ፍሬን

በየሰፈሩ «ኦሪጅናሉን አትንኩት» የሚል አንድ ሰው አለ። እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት ሰፈር ካለ ገና ውሃና መብራት ያልገባለት መሆን አለበት። ሬዲዮኑ አንድ ጣቢያ ብቻ ቢይዝ፣ የጃንጥላው እጀታ ቢነቀል፣ «እንዲህ ያለ ዕቃ ዛሬ አይሠራም» ብሎ ይከራከርዎታል። ይረታዎታልም፤ እርስዎ ሥራ አለዎት፣ እሱ ጡረታ ወጥቷል።

የእኛ የታቦር ሰፈር ሊቀ ኦሪጅናል ክቡር ጋሽ ሽበሺ ናቸው። ዕድሜዋ ከእኔ የሚበልጥ ሰማያዊ ፒካፕ አለቻቸው። ከመሪዋ እስከ ጭቃ መከላከያዋ ፋብሪካ እንዳወጣት ናት፤ ፍሬኗም ጭምር። ችግሩ እዚህ ላይ ነው። አራቱም ጎማ የሚያዘው በድሮው የሸራ ፍሬን ስለሆነ፣ ፔዳሉ ሲረገጥ መኪናዋ መጀመሪያ ጉዳዩን ታስብበታለች። መቆሟ አይቀርም፤ የት እንደምትቆም ግን የምትወስነው ራሷ ናት።

ሐዋሳ ሜዳ ስለሆነች መሃል ከተማ ላይ ይህ ብዙም አይታወቅም። ባጃጆች ሰማያዊዋን ከሩቅ ሲያዩ መንገድ ይለቃሉ፤ ጋሽ ሽበሺ ይህን አክብሮት ይሉታል። ጉድ የሚፈላው ታቦር ዳገት ላይ ነው። የእጅ ፍሬኗ ለጌጥ የተቀመጠ ስለሆነ፣ እዚያ በቆመች ቁጥር ጋሽ ሽበሺ «ታኮ» ብለው ይጣራሉ። ባለቤታቸው እትዬ ገበያነሽ ከእግራቸው ሥር የማይጠፋውን ድንጋይ አንስተው ይወርዱና ከኋላ ጎማ ሥር ይሸጉጡታል። በሠርጋቸው ቀን በቬሎ ወርደው ታኮ አስገብተዋል ይባላል። እትዬ አያስተባብሉም።

የሰፈሩ ልጆች ያደግነው በዚህች መኪና የጭነት ቦታ ላይ ነው። መዘምራን ሳለን ወደ ጉባኤ የምትወስደን እሷ ነበረች። ዳገቱን ስንወጣ እንዘምራለን፤ ቁልቁለቱን ስንወርድ ዝማሬው ወደ ጸሎት ይለወጣል። ጋሽ ሽበሺ «ታኮ» ሲሉ እኛም ተቀብለን በአንድ ድምፅ «ታኮ» እንላለን። ያ ጊዜ ይናፍቀኛል፤ ለምን ብዬ ልዋሽ።

አዲስ ከተማ ሰፈር ጋራዥ ያለው ክብሩ ስንት ጊዜ ለምኗቸዋል።

«ጋሼ፣ የፊቶቹን ፍሬኖች ወደ ዲስክ ልቀይርልዎት። እግርዎን ሲያሳርፉ ቀጥ ትላለች።»

«ቀጥ ብላ ምን ልትሠራ?»

«ልትቆም ነዋ።»

«መቼ ሳትቆም ቀረች? መኪና የሚያቆመው ሹፌር ነው፣ ልጄ። ኦሪጅናሉን አትንካብኝ።»

አንድ ቀን መኪናዋ የእኔን አጥር ተደግፋ ቆመች። ስወጣ ጋሽ ሽበሺ የተጣመመውን ቆርቆሮ እየዳሰሱ «ይሄ ኦሪጅናል አይደለም፤ ድሮም ተሸውደሃል» አሉኝ። ይቅርታ ሳልጠየቅ አመስግኜ ገባሁ።

ሌላው የሳቸው ነገር አነጋገራቸው ነው። መኪናዋን «እሷ» ይሏታል። እትዬ ገበያነሽንም «እሷ» ነው የሚሏቸው። ስለየትኛዋ እንደሚያወሩ ለማወቅ ትዕግሥት ይጠይቃል። «ጠዋት ጠዋት ብርድ አይስማማትም» ሲሉ አይለይም። «ዘይት አልቆባታል» ሲሉም ገና አይለይም።

ዘንድሮ ክረምት እትዬ ገበያነሽ ታኮ ሊያስገቡ ሲወርዱ ጭቃው አንሸራተታቸውና ጎማው አጠገብ በጉልበታቸው ወደቁ። መኪናዋ ወደ ኋላ ትንሽ ሸሽታ ከእጃቸው ያመለጠው ድንጋይ ላይ ቆመች። እግዜር አወጣቸው። ተነሥተው ቀሚሳቸውን አራገፉና «ሽበሺ፣ ከእንግዲህ በእግሬ ነው የምሄደው» አሉ። እያነከሱ ዳገቱን ወጡ።

ቃላቸውንም ጠበቁ። እሁድ እሁድ እትዬ ከፊት በእግራቸው፣ ጋሽ ሽበሺ ከኋላ በአንደኛ ማርሽ፣ ቤተ ክርስቲያን ይሄዱ ጀመር። ሰፈሩ ሳቀ። እኔም ስቄ ነበር፤ ጋቢናው ውስጥ ባዶውን ወንበርና ድንጋዩን ሳይ ግን ሳቁ ጠፋብኝ።

በሳምንቱ ጋሽ ሽበሺ ቤቴ መጡ። ቁጭ ብለው ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አዞሩት።

«እሷ ደክማለች» አሉ። «ዳገት አልችል ብላለች። ሳያት አንጀቴን ትበላዋለች።»

«አይዞዎት ጋሼ» አልኩ፣ ጊዜው ደረሰ ብዬ። «ዲስክ ሲገባላት አዲስ ትሆናለች።»

ትክ ብለው አዩኝ። «ለማን ነው ዲስክ የምታስገባው? ስለ ገበያነሽ ነው የማወራህ።»

አፈርኩ። እሳቸው ግን ቀጠሉ። «ለመኪና መለዋወጫ አይጠፋም። የእሷ ጉልበት ግን ኦሪጅናል ነው፤ ከየት አመጣለታለሁ? ለክብሩ ደውልለት። የፈለገውን ይግጠም።»

ጋሽ ሽበሺ ሐሳባቸውን ሳይቀይሩ ክብሩ ዲስኩን ቶሎ ገጠመ። የእጅ ፍሬኗንም አብሮ አስተካከለ። ከጋራዥ በወጣችበት ቀን እትዬ ገበያነሽ ተለምነው ጋቢና ገቡ፤ እኔ እንደ ልጅነቴ የጭነት ቦታው ላይ ወጣሁ። ዳገቱ መሃል ላይ ጋሽ ሽበሺ እግራቸውን አሳረፉ። ቀጥ አለች። የእጅ ፍሬኑን ሳቡ። ንቅንቅ አላለችም።

በኋላው መስኮት አያለሁ። የእትዬ እጅ በልማድ ወደ ድንጋዩ ሄደና ተመለሰ። የሚጣራ የለም። እጃቸውን ጭናቸው ላይ አሳርፈው ቀስ ብለው ወደ ውጭ ዞሩ።

«ሽበሺ» አሉ፣ «ሐይቁ ከዚህ ይታያል እንዴ?»

ስንት ዘመን እዚህ ቦታ ላይ ቆመዋል። ግን ሁልጊዜ ጎማ ሥር ጎንበስ ብለው ነበር።

ጋሽ ሽበሺ ሞተሩን አጠፉ። እኔ ላይ ግን የልጅነቱ ነገር ተነሣብኝና፣ ሳላስበው ብቻዬን «ታኮ» አልኩ።

ጋሽ ሽበሺ አንገታቸውን በመስኮት አወጡ።

«ዝም በል» አሉኝ በለሆሳስ። «እሷ ሐይቅ እያየች ነው።»

የዚያን ቀን ስለየትኛዋ እንደሚያወሩ ወዲያው ገባኝ።