የዳይሬክተሩ ፈተና

ወንድሜ «ዳይሬክተር ነኝ» ያለ ጊዜ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ወልቂጤ ውስጥ ሰርግ ሳይቀርጽ ዳይሬክተር የሆነ ሰው ታውቃላችሁ? እሱም ከሰርግ ቀረጻ ተነሥቶ፣ አባባ ብረት ሲበይድ የሚያሳይ አጭር ፊልም ሠራ።

አባባ ግን «መስቀል ላይ ዘመድ ይየው፤ ካልወደዱት ካሜራህን አስቀምጠህ ብየዳ ትገባለህ» አለው።

ለመስቀል ከአዲስ አበባ የገባው ዘመድ ሁሉ፣ ፊልሙ ቴሌቪዥን ላይ ሲከፈት እንደ ሰርግ ቪዲዮ ራሱን ይፈልግ ጀመር።

«እኔ የታለሁ?» አለች አክስቴ።

«የአባትህን እጅ ብቻ? ፊቱ ምን አድርጎህ ነው?» አለ አጎቴ።

ወንድሜ አንገቱን ደፋ። አባባ እጆቹን በቴሌቪዥኑ ሲያይ ቆየና፣ «ምስሉ ይንቀጠቀጣል» አለ።

እንግዶቹ ሲመለሱ አባባ ብየዳ ቤቱን ከፈተና፣ ለካሜራው ባለ ሦስት እግር የብረት ማቆሚያ ሠራለት።