ጎመንን የካድኩ ቀን

በአገራችን የጎመንን ያህል ውለታው የተበላ ፍጥረት ያለ አይመስለኝም። ክረምቱን ሙሉ፣ ጎተራው ባዶ ሆኖ አዝመራው ገና በእርሻ ላይ ሳለ፣ ቤተሰቡን ተሸክሞ የሚያሻግረው እሱ ነው። መስከረም ሲጠባ ምስጋናው ምንድን ነው? ችቦ ተለኩሶ «የጎመን ምንቸት ውጣ፣ የገንፎ ምንቸት ግባ» ተብሎ ከቤት ይባረራል። ሦስት ወር ያበላችሁን ሰው እንዲህ ብታባርሩት ሽማግሌ ይላክባችሁ ነበር። ጎመን ሽማግሌ የለውም።

ስለ ውለታ ሳወራ ድምፄ ትንሽ ከፍ ይላል፤ ታገሡኝ። እኔም በዚሁ በጎመን ምክንያት የተበደልኩ ሰው ነኝ። ወዳጆቼ «አሁንም አልረሳኸውም?» ይሉኛል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ብለው ያስተማሩኝ እነሱው ናቸው፤ በራሴ ላይ ሲደርስ ተረቱ እንዲቀርልኝ ይፈልጋሉ።

ነገሩ የሆነው ደርግ ወድቆ አዲሱ መንግሥት ከተደላደለ በኋላ፣ ግምገማ እንደ ቁርስ በየጊዜው በሚቀርብበት ዘመን ነው። በምግብ ሳይንስ ዲግሪዬን ይዤ መንዝ ውስጥ አንዲት ወረዳ ተመደብኩ። የወረዳዋን ስም አልጠራም። ከዘመሮ ከተማ ስትወጡ ንፋሱ ባርኔጣችሁን ከነጠቃችሁ፣ ባርኔጣው የሚያርፈው እዚያ ነው። ገብስ አላት፣ በግ አላት፣ ብርድ አላት። ጾም ደግሞ አትሽርም። ረቡዕና ዓርብ ላሞቿ ራሳቸው ወተታቸውን የሚሰበስቡ ይመስለኝ ነበር። የምግብ ሳይንስ ባለሙያ እንዲህ ያለ አገር መላክ ዋናተኛን ጓሳ ሜዳ ላይ እንደ መመደብ ነው ብላችሁ ታስቡ ይሆናል። እኔም እንዲያ አስቤ ነበር፤ እማሆይ አስካለ እስኪመጡ ድረስ።

እማሆይ አስካለ ከመነኮሱ ጀምሮ ወተት በአፋቸው ያልዞረ፣ ቀጭን፣ ነገር ዐዋቂ መነኩሲት ነበሩ። አንድ ማለዳ የቤተ ክርስቲያኑ ደረጃ ላይ አዳልጧቸው ወደቁና የግራ እጃቸው አንጓ ተሰበረ። ወጌሻ አሰረላቸው። ጤና ጣቢያ ሲሄዱ ደግሞ፣ «አጥንትዎ ሳስቷል፤ ሁለተኛ ከወደቁ የሚሄደው ዳሌዎ ነው። ወተት ይጠጡ» ተባሉ። ወተት አልጠጣም አሉ። «እንግዲያው አይውደቁ» ተባሉ። ምክሩ እዚያ ላይ አለቀ።

ቢሮዬ የመጡት እጃቸውን በነጠላ አንጠልጥለው፣ በደኅናው እጃቸው መቋሚያቸውን ይዘው ነው። ወንበር ስስብላቸው እንቢ አሉ።

«መቀመጡንማ ነው የፈራሁት» አሉኝ። «ሞቱን አይደለም፤ እሱ የታወቀ ነው። ዳሌዬ ሄዶ ቅዳሴውን እደጅ ተቀምጬ የጫማ ጠባቂ እንዳልሆን ነው። የተማርክ ነህ ይላሉ። ወተት ሳልጠጣ የሚያጸናኝ ነገር ተምረሃል?»

«ተምሬያለሁ እማሆይ። አጥንት የሚያጠነክረው ካልሲየም የሚባል ነገር ነው።»

«ካልሲውን እንኳ አደርጋለሁ። የእህቴ ልጅ ከደብረ ብርሃን ልካልኛለች።»

«ካልሲ አይደለም፤ ካልሲየም። ወተት ውስጥ አለ። ግን ላሚቱስ ከየት አመጣችው? ከሣር አይደለም?»

«ታዲያ ሣር ልብላ?»

«ጎመን ይብሉ።»

«ጎመንማ በክረምት እበላ የለ።»

«በበጋም ይብሉ።»

አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ተቀምጬ የተማርኩት ሲጨመቅ «በበጋም ይብሉ» ሆነ። ግን እውነት ነበር። የሐበሻ ጎመን ውስጥ ያለውን ካልሲየም ሰውነት በደንብ ይቀበለዋል፤ ከወተት አያንስም። ከመርሐቤቴ የሚወጣው ቀይ ጤፍ አለው። የቆላ ነጋዴዎች የሚያመጡት ሰሊጥ ከነገለፈቱ ታምሶ ሲወቀጥ አለው። ባቄላው በቆልት ሆኖ ሲበላ ያለው በቀላሉ ይገኛል። አጥር ሥር የሚበቅለው፣ የሚለበልበው ሳማ እንኳ ከብዙው ቅጠል ይበልጣል። በዚያ ላይ ጠዋት ጠዋት ፀሐይ መሞቅ ነው፤ ያለ ፀሐይ የተበላው ካልሲየም ወደ አጥንቱ መንገዱን አያገኘውም። ይህን ሁሉ ነገርኳቸው። እማሆይም እንደ ጸሎት በቃላቸው ያዙት።

«ቆስጣስ?» አሉኝ። «ካህኑ ጓሮ ውስጥ ያማረ ቆስጣ አለ።»

«ቆስጣ ካልሲየም አላት፤ ግን አስራ ይዛዋለች። ያላትን አትሰጥም።»

«እንደ ወረዳው ነዋ» አሉና ወጡ።

በዓመቱ እማሆይ እንደ ቆሙ ነበሩ። ሁለቴ አዳልጧቸው ወድቀው ሁለቴም ነጠላቸውን አራግፈው ተነሥተዋል። ጎመን ነው ብዬ አልምልም፤ ሳይንስ በአንዲት መነኩሲት አይምልም። ሴቶቹ ግን ማሉ። «እማሆይ የሚበሉትን ንገረን» እያሉ ቢሮዬ ይመጡ ጀመር። ያን ጊዜ ነው ትዕቢት የገባኝ። በትልልቅ ወረቀት ላይ፣ በገዛ እጄ፣ አረንጓዴ ቀለም ነክሬ ጻፍኩና ገበያው፣ ጤና ጣቢያው፣ ወፍጮ ቤቱ ሁሉ ለጠፍኩ። ጽሑፉ «ጎመን በጤና» ይላል። ሥሩ ላይ በትንንሹ የካልሲየሙ ነገር፣ እስከ ሳማው።

ልብ በሉ፤ «ጎመን ለጤና» ማለት እችል ነበር። ሰዋስዉም ያምራል። ግን ያልተማረም የሚያውቀው ተረት እጄ ላይ እያለ፣ የተማርኩ ሰው ሆኜ እንዴት ልለፈው? ሰው አንብቦ ፈገግ ይላል፤ ፈገግ ያለ ሰው አይረሳም ብዬ ነው። ፈገግ አሉ። አልረሱምም።

አሁን ጌትነትን ላስተዋውቃችሁ። ጌትነት የወረዳው የፖለቲካ ኃላፊ ነበር። ዩኒቨርሲቲ አንድ ክፍል ተምረናል፤ ማስታወሻዬን እየወሰደ ይገለብጥ ነበር። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ሲገለብጥ እንኳ ከእኔ በተሻለ ጽሕፈት ነው። በዚያ ሰሞን ለወረዳችን አንድ የሁለተኛ ዲግሪ ዕድል መጥቶ ነበር። ሙያው የእኔ ነው፣ ውጤቱም የእኔ ነው። የቀረው የጌትነት ጽሕፈት ቤት የድጋፍ ደብዳቤ ብቻ። ደብዳቤው ተጽፎ ፊርማ እየጠበቀ ጠረጴዛው ላይ ተኝቶ በዓይኔ አይቼዋለሁ።

በዚያው ሰሞን ደግሞ ለገበሬው የተዳቀሉ የወተት ጊደሮች ተከፋፍለው ነበር። ጊደሮቹ የመንዝን ብርድ ሲያዩ መመለሻ መኪና የሚጠይቁ ይመስሉ ነበር፤ ግን ዕቅድ ዕቅድ ነው። ወረዳው «ወተት» እያለ ሲዘምር ግድግዳው ሁሉ «ጎመን በጤና» ይላል። ተጠራሁ።

«ጎመን በጤና የሚባለው መቼ ነው?» አለኝ ጌትነት፣ በተሰበሰበው ሠራተኛ ፊት።

«ሰው ትልቁ ነገር ጣጣ ሲያመጣበት፣ ትንሹ በሰላም ይሻለኛል ሲል።»

«ትልቁ ነገር ምንድን ነው?»

«እንደ ሁኔታው ነው።»

«አሁን ባለው ሁኔታ ጊደር ነው» አለ። «ስለዚህ መንግሥት ያመጣው ጊደር ጣጣ ነው፣ አርፋችሁ ጎመናችሁን ብሉ ነው የምትለው።»

«ስለ ካልሲየም ነው የጻፍኩት።»

«እሱማ በትንንሹ ነው የተጻፈው።»

አንዱ ተነሥቶ፣ ጎመን በክረምት የሚበላ የችግር ምግብ ስለሆነ በበጋ ብሉ ማለት ወረዳው ተርቧል ማለት ነው አለ። ሌላው ሳማ የሚለውን አነበበና ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ወደ ፊደሉ ገባን። «ለ» እያለ «በ» ለምን አስፈለገ? «በ» ውስጥ ምን አለ? ማን ነው «በ» በል ያለህ? ከምሳ በፊት የጀመርነው «በ» ከምሳ በኋላም ቀጠለ። የቅኔ መምህራን አንዲት ፊደል ይዘው እንደሚውሉ ሰምቼ አላምንም ነበር፤ የእኛ ወረዳም ጉባኤ ቤት ሆና አረፈችው።

ሲያልቅ ጌትነት ለብቻዬ ወሰደኝ። «አንተ ሙላት፣ ጅል አትሁን» አለኝ። «እሑድ የሕዝብ ስብሰባ አለ። ቆመህ ስለ ጎመን ያልኩት ስሕተት ነው፣ አጥንት የሚያጸናው ወተት ነው በል። ሰኞ ደብዳቤህን እፈርማለሁ።»

እዚህ ላይ፣ ይህን ታሪክ ለወዳጆቼ ስተርክ፣ ብዙ ጊዜ ሳል ይይዘኛል። ለእናንተ ግን ሳልስል ልናገር። እሑድ ቆምኩ። ሜዳው ሙሉ ነበር። «ስለ ጎመን የተናገርኩት ስሕተት ነው፤ አጥንት የሚያጸናው ወተት ነው» አልኩ። ድምፄ እንኳ አልተንቀጠቀጠም። ተጨበጨበልኝ። ሽማግሌዎቹ መካከል፣ መቋሚያቸውን ተደግፈው፣ ሰው ሁሉ ተቀምጦ እሳቸው ብቻ ቆመው፣ እማሆይ አስካለ ያዩኝ ነበር።

ሜዳው ዳር ላይ ጠብቀው ያዙኝ።

«የትኛውን ልያዝ ልጄ? የቢሮውን ቃል ወይስ የስብሰባውን?»

«የቢሮውን» አልኩ በሹክሹክታ።

«ጮክ በል፤ ጆሮዬ ደክሟል።»

ጮክ አላልኩም። ራሴን ብቻ ነቀነቅሁ። «ይሁን» አሉ። «ጴጥሮስም ክዷል። እሱ እንኳ የካደው ጌታውን ነው፤ አንተ ጎመን ነው።»

ሰኞ ደብዳቤው ተፈረመ። ስሙ ግን የእኔ አልነበረም። ጌትነት የሚል ነበር። ሲነገረኝ፣ ስሕተቱን በአደባባይ ያመነ ባለሙያ ገና መታነጽ ይቀረዋል ተባልኩ። ለመታነጫ የተሰጠኝ ቦታ የወረዳው ግምጃ ቤት ነው። አካፋ፣ ዶማ፣ የተሰበረ ወንበር እጠብቃለሁ። አይጡ ብዙ ነው። ዲግሪዬን ግድግዳው ላይ ሰቅዬዋለሁ፤ አይጡ እስካሁን አላነበበውም።

ዓመታት አለፉ። ጌትነት ዲግሪውን ይዞ፣ ሹመት ጨምሮ፣ ቦርጭ አክሎ አንድ ቀን ወረዳዋን ሊጎበኝ መጣ። ጊደሮቹ በዚያን ጊዜ የሉም፤ ስለ እነሱ የሚጠይቅም የለም። አውደ ጥናት አለ ተባልን። የአዳራሹ የመፈክር ጨርቅ በግምጃ ቤቱ ሰው ይሰቀል ተባለና መሰላል ይዤ ወጣሁ። የተጠቀለለውን ጨርቅ ስዘረጋው በአረንጓዴ ቀለም «ጎመን ለጤና» ይላል።

መሰላሉ ላይ እንዳለሁ አውደ ጥናቱ ተጀመረ። የጌትነት የጥናት ጽሑፍ ስለ ጾም ወራትና ስለ አገር በቀል ቅጠላ ቅጠል ነበር። ጎመኑ አለ፣ ቀይ ጤፉ አለ፣ ሰሊጡ ከነገለፈቱ አለ፣ በቆልቱ አለ፣ ቆስጣ ያላትን አትሰጥም የሚለው ሳይቀር አለ። አመሉ አልተለወጠም፤ ገለበጠው። በዚያ ሁሉ መካከል የራሱ የሆነችው «ለ» ብቻ ናት። መስክር ካላችሁኝ፣ «ለ»ን አሳምሮ ነው የጻፋት።

ለምስክርነት እማሆይ አስካለ ተጠሩ። አርጅተዋል፤ ግን ቆመዋል። ጌትነት በትሕትና ወንበር ሳበላቸው፤ እንቢ አሉ።

«እማሆይ፣ ይህን የአመጋገብ ዘዴ ማን ነው ያስተማረዎት?» አላቸው። ዘመናዊ ባለሙያ፣ መንግሥት፣ እንዲህ ያለ ነገር እንዲሉለት ነው።

እማሆይ በመቋሚያቸው ወደ መሰላሉ ጠቆሙ። «ያ ነው። ኋላ እንኳ ተሳስቻለሁ ብሎ ነበር። እኔ ጆሮዬ ስለ ደከመ አልሰማሁትም።»

አዳራሹ ሣቀ። ጌትነትም ሣቀ፤ ከሁሉ አስረዝሞ የሣቀው እሱ ነው። ከዚያ ወደሚቀጥለው ጉዳይ ተዛወረ። ይኸው ነው። ፍርድ የምትጠብቁ ካላችሁ እኔም እየጠበቅሁ ስለሆነ ሰልፉን ያዙ።

ስብሰባው ሲበተን ጨርቁን ጠቅልዬ ስወጣ እማሆይ በሩ ላይ ነበሩ።

«ልጄ፣ አንድ ነገር ሳልጠይቅህ ዓመታት አለፉ። ያን እሑድ ተሳስቻለሁ ያልከው ለምንድን ነው?»

«ለደብዳቤ ነው እማሆይ። ለትልቅ ትምህርት የሚያስገባ ደብዳቤ።»

«ደብዳቤው መጣ?»

«ለሌላ ሰው።»

«አሃ» አሉ። ደረጃውን አንድ በአንድ፣ ማንንም ሳይዙ ወረዱ። ታች ሲደርሱ ዞሩ።

«ምነው ታዲያ ወፍጮ ቤቱ በር ላይ የለጠፍከውን ወረቀት ሳታነበው ለጠፍከው?»